የአንድ ቀን ሽርሽር ወደ ገጠር ግድብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጭር ያለ የግድብ ውሃ ዳር ውሎ ለመመለስ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

የግድብ ሐይቅ ከተፈጥሮ ሐይቅ በምን ይለያል?

ከሩቅ ሲያዩት በምንም አይለይም። ቀረብ ሲሉ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ በዝናብና በትነት ቀስ እያለ ይሞላል፣ ቀስ እያለ ይጎድላል። የግድብ ውሃ ግን ሰው የሚከፍተውና የሚዘጋው በር አለው። ለመስኖ፣ ለመብራት ወይም ለከተማ ሲፈለግ ይለቀቃል። ባለፈው ዓመት ምንጣፍ ያነጠፋችሁበት ሣር ዘንድሮ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወይም ውሃው ሸሽቶ በመሃል ሰፊ ጭቃ ይጠብቃችኋል።

ይሄን ዳርቻው ራሱ ይነግራችኋል። ከውሃው በላይ ዛፍም ሣርም የማይታይበት፣ ገርጣ ያለ የድንጋይና የአፈር ቀበቶ ሐይቁን ይዞረዋል። ውሃው ጢም ሲል የሚደርሰው እስከ ቀበቶው የላይኛው ጫፍ ነው። በብዙ ግድቦች ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ውሃው ውስጥ ቆሟል። ስትደርሱ ቁጥሩን ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩት። ውሃው እየሞላ ይሁን እየጎደለ ያኔ ይገባችኋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚችው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ውሃ ሥራ ላይ ያለ ውሃ ነው።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ምን ይሠራል? አይሰለችም?

ሱቅ፣ ካፌና መጫወቻ ለሚጠብቅ ሰው ይሰለቻል። መደበቅ አያስፈልግም። የገጠር ግድብ ደስ የሚለው ምንም ስለሌለው ነው። ሰው በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ወፍ ያያል፣ በተፈቀደበት ዓሣ ያጠምዳል፣ መጽሐፍ ይዞ ጥላ ስር ይጋደማል። ከዚህ በላይ ፕሮግራም ማውጣት ቀኑን ማበላሸት ነው ባይ ነኝ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። «ዙሪያውን ዞረን እንመለሳለን» ብላችሁ አትነሱ። ግድብ ሸለቆን ስለሚሞላ ውሃው ክብ ሆኖ አይተኛም፤ ገባር ወንዝ ባለበት ሁሉ ክንዱን እየዘረጋ ወደ ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት፣ ድምፅ የሚሰማበት ርቀት ላይ የምታዩት ዳር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል ሄዶ በመጣበት መመለስ ይሻላል።

በየትኛው ሰዓትና ወቅት ብንሄድ ይሻላል?

በጠዋት። ይሄ ላይ አልደራደርም። ጠዋት ነፋሱ ገና ስላልተነሳ ውሃው ፀጥ ብሎ ይተኛል፣ ወፎቹም ምግብ ፍለጋ ላይ ናቸው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ነፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ይናወጣል፣ አቧራም ይመጣል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያየው ሌላ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ወቅቱ እንደ ፍላጎታችሁ ነው። ዝናብ እንዳበቃ ውሃው ሙሉ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ይሆናል፤ ፎቶ ለሚወድ ሰው ይሄ ነው። በደረቁ ወራት መጨረሻ ውሃው ይሸሻል፤ መልኩ ያን ያህል አያምርም፣ ግን በጭቃው ዳር ትል የሚለቅሙ ወፎች ይበዛሉ፣ ተውጠው የከረሙ ድንጋይና አጥሮችም ብቅ ይላሉ። ከቅዳሜና እሁድ ውጪ መሄድ ከቻላችሁ ጭርታው የእናንተ ብቻ ነው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ግድቡ የማን እንደሆነ ይወስነዋል። ባለቤቱ የመብራት ድርጅት፣ የውሃ አገልግሎት፣ የመስኖ ማኅበር ወይም የግል እርሻ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የየራሱ ደንብ አለው። ሰው የሚሳሳተው መግባት ከተፈቀደ ሁሉም ተፈቀደ ብሎ ሲያስብ ነው። መግባት፣ ማጥመድ፣ መዋኘት፣ ጀልባ ማስገባት፣ እሳት ማንደድ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠየቃሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ፤ ካልሆነም በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቁ። ውሃው ስንት እንደደረሰ፣ መንገዱ መኪና ያስገባ እንደሆነ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ድሮንና ካሜራን በተመለከተ ለብቻ ጠይቁ። ግድብ ትልቅ መሠረተ ልማት ስለሆነ በብዙ አገር ግንባታውን ፎቶ ማንሳት ወይም በላዩ ድሮን ማብረር ይከለከላል። ባይከለከልም ጎጆ በሠሩ ወፎች ላይ ድሮን ማንዣበብ ነውር ነው።

ምን ይዘን እንሂድ?

የሚጠጣ ውሃ በብዛት፣ ቆብ፣ ሰንስክሪን፣ ሸርተት የማያደርግ ጫማ፣ ፊሽካ፣ የቆሻሻ ፌስታል። ካርታውን ኢንተርኔት ባላችሁበት ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ግድብ የሚሠራው ገደል መሃል ስለሆነ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የለም። ወዴት እንደሄዳችሁና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ፀሐይ ላይ ትንሽ ላቁም። ሰው «ውሃው እያንፀባረቀ አቃጠለኝ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ውሃ የሚያንፀባርቀው ከጎጂው አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 በመቶ በታች ነው። የሚያቃጥለን ሌላ ነው። ያ ገርጣ ቀበቶ ዛፍ የለውም፣ ከላይ ያለው ሰማይ ሰፊ ነው፣ ነፋሱም ቆዳችንን እያቀዘቀዘ ሙቀቱን ያስረሳናል። ውሃ ውስጥ መግባትም አያድንም፤ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ እንኳ ከጨረሩ 40 በመቶው ይደርሳል። ስለዚህ ጥላ ይዛችሁ ሂዱ።

ሙዚቃ ብንከፍትስ? ማንም የለም እኮ።

አለ። አይታያችሁም እንጂ አለ። ጠዋትና ማታ ውሃው ላይ ያለው አየር ቀዝቀዝ፣ ከሱ በላይ ያለው ሞቅ ሲል ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች እየታጠፈ ሩቅ ይጓዛል። ማዶ የተቀመጡ ሰዎች ተራ ወሬያችሁን ቃል በቃል ሊሰሙት ይችላሉ። ሐሜት ካላችሁ መኪና ውስጥ ጨርሱት። ስፒከር ደግሞ ባይመጣ ጥሩ ነው።

ወፎችን ለማየት ምን ያስፈልጋል?

ባይኖኩላር ካላችሁ በቂ ነው። 8x42 የሚል የተጻፈበት ለጀማሪ ይስማማል፦ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ 42ቱ ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ ያስቸግራል።

ግድቡ አጠገብ፣ ውሃው ጥልቅ በሆነበት፣ እየጠለቁ ዓሣ የሚይዙት ይገኛሉ። ብዙ ዓይነት የሚታየው ግን በሌላኛው ጫፍ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ነው። ወንዙ ያመጣው ደለል እዚያ ስለሚከማች ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች እየተራመዱ ይመገባሉ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡና አትንቀሳቀሱ። ወፎቹ ሲረጋጉ ራሳቸው ይቀርባሉ።

መዋኘት ይቻላል?

በብዙ ግድቦች አይፈቀድም፣ በኔ እምነትም ልክ ነው። ሰው «ዋና እችላለሁ» ይላል፤ ችግሩ ግን የዋና ችሎታ አይደለም። በሞቃት ወቅት የግድብ ውሃ ይደራረባል፦ ላዩ ለብ ያለ፣ ከስሩ ግን ድንገት የሚበርድ። እጃችሁን ነክራችሁ «ሞቅ ይላል» ስትሉ ያገኛችሁት የላዩን ብቻ ነው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ እያለ ከመጣ የሚገባው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ይሄ ያገኘዋል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ስለሚወስድ ትንሽ ቆይቶ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል።

ሌላው ከስር ያለው ነው። ግድቡ ከመሞላቱ በፊት እዚያ ዛፍ፣ አጥር፣ ግንብ ነበር፤ ብዙው አሁንም አለ። ውሃው ከፍና ዝቅ ስለሚል ባለፈው ወር ጥልቅ የነበረ ቦታ ዛሬ ድንጋዩ ቅርብ ነው። ስለዚህ መዝለል በፍጹም። ከዳር አንድ እርምጃ ላይ ጉልበት የሚደርስ፣ ቀጥሎ ቁመት የሚውጥ ይሆናል። ውሃ የሚሳብበት ማማና በር አካባቢ ደግሞ ላዩ ፀጥ ብሎ ከስሩ ይጎትታል። ተንሳፋፊ ገመድ የተዘረጋው ለዚህ ነው።

መዋኘት በተፈቀደበት ከሆነ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ከዳር አትራቁ፣ መጠጥ ከቀመሳችሁ ተዉት። በድንገት ከወደቃችሁ ለመዋኘት አትሩጡ። ጀርባችሁ ላይ ተንጋላችሁ ተንሳፈፉ፤ ትንፋሻችሁ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው መጣራትም መዋኘትም የሚቻለው።

እግራችንን ብቻ ብንነክርስ?

ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛው ቢልሃርዚያ ነው። በሞቃት አገሮች ጥገኛ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በሱው ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃም ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው የረጋ ውሃና ሣር ያለበትን ዳር ስለሚወድ ግድብ ይመቸዋል። ጋና ውስጥ የአኮሶምቦ ግድብ በ1965 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ የቮልታ ሐይቅ ከተፈጠረ በኋላ በሽታው በዳርቻው መንደሮች በጣም መስፋፋቱ የታወቀ ነው። በሽታው ባለበት አካባቢ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ገብታችሁ ከሆነ በኋላ ሐኪም ስታዩ ይሄንን ንገሩት፤ መድኃኒት አለው።

ሁለተኛው ጭቃው ነው። ውሃ የሸሸበት መሬት ላዩ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የወፍ እግር ታትሞበት ጠንካራ ይመስላል። ከስሩ ግን እስከ ጉልበት የሚውጥ ደለል አለ። ወፍ የተራመደበት ሰውን ይችላል ማለት አይደለም። ከገባችሁ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ለመንቀል አትታገሉ፤ የበለጠ ትሰምጣላችሁ። ወደ ኋላ ተቀመጡ ወይም ተንጋለሉ፣ ክብደታችሁ ይሰራጭ፣ ከዚያ አንዱን እግር እያወዛወዛችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ።

ውሃው አረንጓዴ ሆኖ አገኘነው። ምን ይሆን?

አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም። እጅ ላይ ሲያወጡት ረዥም ክር የሚሆነው ተራ አልጌ ነው። የሚያሰጋው የአረንጓዴ ቀለም ባልዲ የተደፋበት የሚመስለው ነው፤ ሳይኖባክቴሪያ ይባላል። ሙቀት፣ የረጋ ውሃና ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያ ሲገናኙ ይበዛል። አንዳንዱ ጉበትን፣ አንዳንዱ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ነፋስ ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋው ማዶው ንጹሕ ሆኖ እናንተ ጋ ሊከማች ይችላል። ቦታ ቀይሩ።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ውሻ ነው። ይጠጣል፣ ይዋኛል፣ ከወጣ በኋላ ፀጉሩን ይልሳል። ነክቶት ከሆነ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ካስመለሰው ወይም ከተንገዳገደ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም።

የመጠጥ ውሃ ግድብ ከሆነ ቀጥታ ብንጠጣውስ?

አይሆንም። ቧንቧ የሚደርሰው ተጣርቶና ታክሞ ነው፤ ግድቡ ውስጥ ያለው ገና ጥሬ ነው። እንስሳ ይገባበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል። ግድ ከሆነ አፍልቶ ለአንድ ደቂቃ ማንተክተክ ያስፈልጋል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ካለፋችሁ ሦስት ደቂቃ። ማፍላት ተህዋስን ይገድላል እንጂ ከላይ ያነሳነውን የሳይኖባክቴሪያ መርዝ አያጠፋም።

መጸዳጃ ከሌለ ደግሞ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቆፍራችሁ መልሳችሁ ድፈኑት። ሶፍቱን ይዛችሁ ተመለሱ።

በነፋስ የሚሞላ ጀልባ ወይም ካያክ ይዘን ብንሄድስ?

ከተፈቀደ ይቻላል፤ ላይፍ ጃኬቱ ግን መቀመጫ ስር ሳይሆን ሰውነት ላይ ይሁን። በአየር የሚሞሉ መጫወቻዎች ቀላል ስለሆኑ ከዳር ወደ መሃል የሚነፍስ ነፋስ ሳታውቁት ይወስዳቸዋል። ዳር ላይ ሆናችሁ የሚያሳስታችሁም ይሄ ነፋስ ነው። ከጀርባችሁ ስለሚነሳ አጠገባችሁ ያለው ውሃ ፀጥ ያለ ይመስላል፣ ሞገዱ ያለው መሃል ነው። ስትወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት እየቀዘፋችሁ ውጡ፤ ሲደክማችሁ ወደ ቤት ይገፋችኋል።

ጀልባችሁ ሌላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ እጠቡት፣ ውሃውን አፍስሱ፣ አድርቁት። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ የመጣችው ዚብራ መስል (zebra mussel) የምትባል ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ እንስሳ በ1988 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ በጀልባ እየተጓዘች ስንቱን ሐይቅ ወረረች። የውሃ ቧንቧ ትደፍናለች።

ግድቡ ላይ መራመድ፣ ከስሩም መቀመጥ ይቻላል?

ለእግረኛ ክፍት ከሆነ ላዩ ላይ መሄድ ያስደስታል። አጥር መዝለልና ማስተንፈሻው ላይ መውረድ ግን የለም። ኮንክሪቱ ብዙ ጊዜ እርጥብና አንሸራታች ነው። አንዳንድ ግድብ ትርፉን ውሃ የሚያስተነፍሰው ሐይቁ ውስጥ ባለ ክብ ጉድጓድ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የሞንቲሴሎ ግድብ ጉድጓድ 22 ሜትር ያህል ይሰፋል። ሲሞላ ማየቱ ድንቅ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ግን አንዲት ዋናተኛ ወደ ውስጥ ተስባ ሞታለች።

ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ዳር ደግሞ ሰው የሚዘናጋበት ቦታ ነው። ጥላ አለው፣ ውሃው ትንሽ ነው፣ መሃል ላይ ድንጋይ አለ። በሩ ሲከፈት ግን ፀሐይ እየወጣች፣ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ይነሳል። ሳይረን ከጮኸ፣ ወይም ውሃው ድንገት ደፈርሶ ቅጠል ማምጣት ከጀመረ ዕቃ አትሰብስቡ። ወደ ከፍታ ውጡ።

ከውሃው በታች መንደር አለ የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። ጣሊያን ውስጥ በሬዢያ ሐይቅ ላይ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የደወል ማማ ከውሃው ብቅ ብሎ ይታያል። ግራውን (Graun) የሚባለው መንደር በ1950 እ.ኤ.አ. በግድብ ውሃ ሲዋጥ የቀረው እሱ ነው። በብርዱ ወራት ደወሉ ይሰማል ይባላል፤ ደወሎቹ ግን ውሃው ከመሙላቱ በፊት ወርደዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ለጥገና በከፊል ሲጎድል የቤቶቹ ፍርስራሽ ታይቷል።

ውሃ በሸሸበት ግድብ ፍርስራሽ ካያችሁ ድንጋዩን አትውሰዱ፣ መቃብር ከሆነ አትርገጡት። ከዚያ የተነሱት ሰዎች ወይም ልጆቻቸው አጠገብ ባለው መንደር ይኖሩ ይሆናል። በትሕትና ብትጠይቋቸው ከየትኛውም ምልክት ሰሌዳ የተሻለ ይነግሯችኋል።

ነጎድጓድ ቢመጣስ?

ሰፊ ውሃ ዳር ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል ማለት ነው፤ መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮቱን ዝጉ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ሰው ሲሰምጥ ብናይ ምን እናድርግ? ዘለን እንግባ?

አትግቡ። ለማዳን የገባው አብሮ የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የሚሰምጥ ሰው ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች እየገፉ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ልጆች ውሃ ዳር ካሉ አንድ አዋቂ በተራ ስልኩን አስቀምጦ እነሱን ብቻ ይይ።

ሰውየውን «በጀርባህ ተንሳፈፍ!» ብላችሁ ጩኹበት። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፦ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ ኳስ፣ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ገመድ ወይም ረዥም እንጨት ካለ በደረታችሁ ተኝታችሁ ዘርጉለት፤ ቆማችሁ ከሆነ ይጎትታችኋል። ሌላው ሰው እርዳታ ይጥራ፣ ኔትወርክ ወዳለበትም ይሩጥ። ከሰጠመ የሰጠመበትን ቦታ ዳር ካለ ድንጋይ ወይም ዛፍ ጋር አስተካክላችሁ ያዙ፤ ለሚፈልጉት ትልቅ እገዛ ነው።

ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መጫን ብቻ አይበቃም። የጎደለው አየር ስለሆነ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትም ያስፈልጋል። ተንፍሶ የነቃም ቢሆን፣ ማሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከቀጠለ «ደህና ነኝ» ቢል አትስሙት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።